ስምንተኛው ሽራፊ መሬት

ኦክላሆማ ግዛት፣ ሲማሮን ወንዝ ዳር
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1897

ለአጎቴ ልጅ ለዲያቆን ሎሬንዞ ቲስሊ፣ ቴነሲ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? የቤትዎ ሰው፣ የደጅዎ ከብት፣ የሚያስተምሯቸው ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ቆሜ እሄዳለሁ። ባሌ ይሳኮር ግን ከእንግዲህ ቆሞ አይሄድም። ጃንዋሪ 20 ቀን ሳንባው ታሞ ሞተ። ከቤታችን በላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ሥር ቀበርነው።

ማን ጻፈላት ብለው እንዳይቸገሩ፣ ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ የሰፈራችን አስተማሪ ከሕፃናት ጋር አንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ፊደል አስቆጠረችኝ። ለምን በዚህ ዕድሜ ቢሉ መልሱን ያውቁታል። ይሳኮር ቀድሞኝ ወደዚህ አገር ሲመጣ በሦስት ዓመት አሥራ አንድ ደብዳቤ ላከልኝ። አሥራ አንዱንም ያነበቡልኝ እርስዎ ነዎት። «ገና ነው፤ አትምጪ ይላል» አሉኝ። አምኜ የእናትዎን ቁስል እያጠብኩ፣ የእርስዎን ጥጥ እየለቀምኩ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ከዚህ የመጣ መንገደኛ «ባልሽ ቤት ሠርቶ ስንት ጊዜ ቢጠራሽ እምቢ አልሽው አሉ» ሲለኝ ነው የነቃሁት። ደብዳቤዎቹን ስጠይቅዎት «አስቀምጬልሻለሁ» አሉኝ። አንዱንም አላየሁትም።

አሁን የምፈልገው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ይሳኮር የመሬቱን የመጨረሻ ወረቀት ሳይቀበል ሞተ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ «ሚስቱ መሆንሽን እስከ ኖቬምበር 1 ካላስረዳሽ መሬቱ ለመጣው ሁሉ ክፍት ይሆናል» ብሎኛል። ጋብቻችን ከባርነት ነፃ በወጣን በዓመቱ፣ በ1866፣ በኤበንኤዘር ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ተጽፏል። መዝገቡ በእጅዎ ነው። ገልብጠው፣ ፈርመው ይላኩልኝ። ከዚያ ወዲያ መጻጻፍ አያስፈልገንም።

ቤቴም የባሌም መቃብር በዚያው መሬት ላይ ናቸው። ሌላ መሄጃ የለኝም።

እግዚአብሔር የሚገባዎትን ይስጥዎት።

ኬዛያ ፕሩይት


ቴነሲ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1897

በጌታ ለተወደድሽው እህቴ ለኬዛያ፤

ሰላምና በረከት እንደ ጠዋት ጤዛ በደጅሽ ይውረድ። ደብዳቤሽ ደርሶኝ አለቀስኩም፣ ሳቅሁም። ያለቀስኩት ስለ ይሳኮር ነው። ያሳቀኝ ጽሕፈትሽ ነው፤ መስመርሽ እንደ ፍየል ዳገት ዳገቱን ይወጣል። ቢሆንም አይዞሽ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ መሞከርሽ ያስመሰግንሻል። ለተማሪዎቼ አሳይቻቸዋለሁ።

ስላለፈው ነገር ያነሣሽውን ሐዘን ነው የጻፈው ብዬ አልፌዋለሁ። እናቴ ነፍሷ እስክትወጣ ድረስ ስምሽን ትጠራ ነበር።

መዝገቡን በተመለከተ ነገሩ እንደምታስቢው ቀላል አይደለም። ያለ ሽማግሌዎች ስምምነት አይገለጥም፤ ሽማግሌዎቹም የሚሰበሰቡት የእርሻ ሥራ ጋብ ሲል ነው። ደግሞ በወረቀቱ ላይ የመሬትሽ ቁጥር መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ሌላ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ቁጥሩ ስንት ነው? ውኃስ አለው? የባቡር ድልድይ በዚያ በኩል ይሠራል የሚባለው እውነት ነው? ይህን የምጠይቅሽ ስለ አንቺ አስቤ ነው።

ጸሎቴ ካንቺ ጋር ነው።

ዲያቆን ሎሬንዞ ቲስሊ


ሲማሮን ወንዝ ዳር፣ ሜይ 15 ቀን 1897

ለዲያቆን ሎሬንዞ ቲስሊ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጥጤም በቅሏል።

የጋብቻ ወረቀት የመሬት ቁጥር ያስፈልገዋል ወይ ብዬ የመሬት ጽሕፈት ቤቱን ጸሐፊ ጠየቅሁት። «ያገባሽው ሰውዬውን ነው ወይስ መሬቱን?» ብሎ ሳቀብኝ። ስለዚህ ለወረቀቱ ቁጥር አያስፈልግዎትም። የምኖርበትን ማወቅ ከፈለጉ ግን ዘመድ ነዎትና እነግርዎታለሁ።

መንግሥት አገሩን ሁሉ ማይል በማይል በሆነ ካሬ ቆራርሶታል። ደህናው መሬት በአቅጣጫ ይጠራል፤ የሰሜን ምዕራብ ሩብ፣ የደቡብ ምሥራቅ ሩብ እየተባለ። ወንዝ የነከሰው ግን ማዕዘኑ ስለማይሞላ የአቅጣጫ ስም አይሰጠውም። ሽራፊ ነው፤ ቁጥር ብቻ ይወጣለታል። ደህናውን ነጮቹ ቀድመው ስለያዙት ለእኛ የደረሰን ሽራፊው ነው።

በእኛ ካሬ ሲማሮን እንደ እባብ ተጠማዝዞ የላይኞቹን ሁለት ረድፎች በሙሉ ነካክቷቸዋል። በየረድፉ አራት አራት ሽራፊ አለ። ቁጥሩ ከሰሜን ምሥራቁ ጥግ አንድ ብሎ ይጀምራል። የእኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ በምዕራቡ ጫፍ ያለው ነው። ሠላሳ ሰባት ኤከር ነው። በሐሩር የማይደርቅ ምንጭ አለው። ድልድዩም የሚሠራው ከእኔ ከፍታ ሥር ነው ብለው ቀያሾች ችካል ተክለው ሄደዋል።

እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። መቁጠር እኔ አላስተምርዎትም።

ወረቀቱን እጠብቃለሁ። ኖቬምበር 1ን አይርሱ።

ኬዛያ ፕሩይት


ቴነሲ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1897

ለተወደድሽው እህቴ ለኬዛያ፤

የሰማይ አባት ትዕግሥትን ያብዛልሽ። ሽማግሌዎቹ አልተሰበሰቡም። መዝገቡ ያለበት ሣጥን ቁልፍም ጠፍቷል። እስከ ገና ድረስ ጠብቂ። ችግሩን እኔ ብጽፍላቸው የመንግሥት ሰዎችም ይረዱሻል፤ ቀን ቢያልፍም ሰማይ አይወድቅም። አንቺ ብቻ ወደ ጽሕፈት ቤቱ እየተመላለስሽ አታስቸግሪያቸው።

በቸኮለ እጅ፣

ሎሬንዞ


ሲማሮን ወንዝ ዳር፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1897

ለዲያቆን ሎሬንዞ ቲስሊ፤

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ራሴ አነበብኩት። በፀደይ የመሬቱን ቁጥር አጥብቀው ጠይቀው ነበር፤ አሁን አለመጠየቅዎን አስተውያለሁ።

ቀኑ ኖቬምበር 1 ነው። ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ፊት የቆመ ሰው ክፍት የሆነውን ይወስዳል። ሕጉ ይህ ነው።

ኬዛያ ፕሩይት


ኦክላሆማ ግዛት፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ካለበት ከተማ
ኖቬምበር 4 ቀን 1897

ለእህቴ ለኬዛያ፤

ጌታ መንገዴን አቅንቶ በሰላም አድርሶኛል። ከአንቺ የአንድ ቀን መንገድ ላይ ሆኜ ስጽፍልሽ ትደነግጪ ይሆናል። አትደንግጪ። የማደርገው ሁሉ ለዘመድ የሚበጅ ነው።

ወረቀቱ በጊዜው ሊደርስሽ እንደማይችል ሳውቅ፣ መሬቱን ባዕድ ከሚወስደው እኔ ልያዘው ብዬ መጣሁ። ኖቬምበር 2 ቀን ጠዋት በጥቁሮች መስኮት በኩል ተሰለፍኩ። ከፊቴ ያሉት ገበሬዎች ካርታው ላይ ተደፍተው በጣታቸው ሲዳብሱ ግማሽ ቀን ፈጁ። የእኔ ተራ ሲደርስ ጸሐፊው «አንተስ፣ ቁጥሩን ታውቀዋለህ ወይስ ካርታው ይቅረብልህ?» አለኝ።

«ጌታዬ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ቁጥር ስምንት» አልኩት።

«ስምንት? ስምንትን ነው የምትፈልገው?»

«ስምንትን።»

ከጎኑ የተቀመጠውን ባልደረባውን አየት አደረገው። ከዚያ ማኅተሙን ባንድ ምት አሳረፈው። እንደኔ ቁርጡን የሚያውቅ ሰው ብዙ አላጋጠማቸውም መሰለኝ።

አሁን በረጋ መንፈስ እንነጋገር። ከቤቱ አላስወጣሽም። ለእናቴ ታደርጊ እንደነበረው ለእኔም እያበሰልሽና እያጠብሽ ትኖሪያለሽ። የይሳኮርንም መቃብር አላስነካም። በማርች ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ። አንድ ክፍል አጽጂልኝ።

ወንድምሽ ሎሬንዞ


ሲማሮን ወንዝ ዳር፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1897

ሎሬንዞ፤

እንኳን ደህና መጣህ። ክፍል አላጸዳሁም።

አክስት ዶርካስን ታስታውሳታለህ? በሠርጋችን ቀን፣ በባርነት ዘመን በለመድነው የጋብቻ ወግ፣ አብረን የምንዘለውን መጥረጊያ መሬት ላይ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ከእኛ ሠላሳ ማይል ርቃ እንደምትኖር ያወቅሁት በጁላይ ነው። ኦገስት 12 ቀን በጋሪ ጭኜ ጽሕፈት ቤቱ ወሰድኳት። ሌላ አንድ ሽማግሌም አብሯት ማለ። ጸሐፊው «ዕድሜሽ ስንት ነው?» አላት። «የሸጠኝን ሰውዬ ጠይቀው፤ የጻፈው እሱ ነው» አለችው። «የእነዚህን ሠርግ በዓይንሽ አይተሻል?» አላት። «ማየት ብቻ? ሙሽራው መጥረጊያውን ሲዘል ሱሪው ተቀዶ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ካላመንክ ሄደህ ስፌቱን ከመቃብሩ አውጣና እይ» አለችው። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እሱም እየሳቀ ጻፈው። መሬቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኔ ስም ነው። ያንተ ወረቀት አላስፈለገኝም። ትልከው እንደሆነ ለማየት ብቻ ጠበቅሁ።

አሁን ስለ ቁጥርህ። አንደኛው ረድፍ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከአንድ እስከ አራት ነው፤ ይህን በትክክል ቆጥረሃል። ሁለተኛውን ረድፍ ግን እንደ መጽሐፍ መስመር ወደ መጀመሪያው ጫፍ ተመልሰህ ከምሥራቅ ጀመርከው። ስለዚህ የእኔ ስምንት መሰለህ። ቀያሾች እንዲህ አይቆጥሩም። ቀያሽ የሚቆጥረው በሬ እንደሚያርሰው ነው። ትልሙ ጫፍ ሲደርስ እዚያው ይዞራል። አምስት ከአራት ሥር ነው፤ ከዚያ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት እያለ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። የእኔ አምስት ነው። ስምንት በምሥራቁ ጫፍ ያለው አሸዋ ነው፤ ሲማሮን በየዓመቱ ሞልቶ የሚተኛበት። ጸሐፊው ባልደረባውን አየት ያደረገው ለዚህ ነው። አገሩ ከተከፈተ ጀምሮ ስምንትን የጠየቃቸው ሰው የለም።

አምስት ብለህ ቢሆን «ተይዟል» ብለው ካርታውን ያቀርቡልህና ሌላ ደህና መሬት መርጠህ ትሄድ ነበር። ካርታውን ቀድመህ ብትጠይቅም ትድን ነበር። እንደማትጠይቅ አውቅ ነበር። እኔም ማንበብ ስማር ከአስተማሪዬ ጋር የተጣላነው በዚሁ ነገር ነው። መስመሩ ሲያልቅ ወደ ኋላ ዘሎ መመለስ አልገባኝ አለ። «ማን ነው እንዲህ የሚያርሰው?» አልኳት። እኔ እንድማር ልጆቹ ሲስቁብኝ መጠየቅ ነበረብኝ። አንተ ግን ጠይቀህ አታውቅም።

መንግሥት ለአንድ ሰው በዕድሜው መሬት የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው። ያንተን ሰጥቶሃል። ስድስት ወር ሳይሞላ ገብተህ ካልኖርክበት እሱም ይቀራል።

የጻፍኩልህን መልሰህ አንብበው። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም።

ኬዛያ


ከስምንተኛው ሽራፊ፣ ሜይ 1 ቀን 1898

ለእህቴ ለኬዛያ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። በግማሽ ማይል ርቀት ላይ ሆኖ ደብዳቤ መጻፍ ያሳፍራል። ምን ላድርግ፤ የምድጃሽን ጭስ እያየሁ ሁለት ጊዜ ደጅሽ መጣሁ። ውሻሽ ወጥቶ አነጋገረኝ፤ አንቺ ግን አልወጣሽም።

ከማርች ጀምሮ እዚህ ነኝ። በአሥራ ሁለት ምሰሶ አንዲት ጎጆ ቀልሻለሁ። የዘራሁት ስኳር ድንች በስብሷል። ዛሬ ጠዋት ስነቃ ድስቴ አልጋዬ ሥር ይንሳፈፍ ነበር። በቴነሲ ደግሞ ትምህርት ቤቱንም መዝገቡንም ለሌላ ሰው ሰጥተዋል። «መሬት ስላገኘህ እኛ ምን እናደርግልሃለን» ብለው ጻፉልኝ። መመለሻ የለኝም።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። ወንዙ እስኪጎድል ምሰሶዬንና ጣውላዬን ወደ አንቺ ዳርቻ ላሻግር፤ አለዚያ ውኃው ይወስደዋል፣ ሌላ ልገዛ አልችልም። ሁለተኛው፣ «ጎርፍ አስወጣው እንጂ መሬቱን ጥሎ አልሄደም» ብለሽ መስክሪልኝ። ጥሎ ሄደ ከተባልኩ መብቴ ለዘላለም ይሰረዛል። መመስከር የሚችለው የሚያየኝ ጎረቤት ነው፤ ከአንቺ ቤት በቀር ወደዚህ የሚያይ ቤት የለም።

ስለ ደብዳቤዎቹ የጻፍሽልኝን ዝም ብዬ አልፌው ነበር። ከእንግዲህ አልዋሽም። ያልተጻፈ ነገር አነበብኩልሽ። እናቴ እየሞተች ነበር። የጀርባዋን ቁስል ማየት አልችልም ነበር፤ ሽታውን እንኳ አልችልም። አንቺ ከሄድሽ ማን ያገላብጣታል? አንድ ወር ብቻ ብዬ ጀመርኩ። አንድ ወር ሦስት ዓመት ሆነ። እሷ ስትሞት ደግሞ ልነግርሽ አፈርኩ። ደብዳቤዎቹን አቃጠልኳቸው።

እዘኝልኝ።

ሎሬንዞ


ሽራፊ ቁጥር አምስት፣ ሜይ 5 ቀን 1898

ሎሬንዞ፤

እናትህን ያጠብኩት ስለ እሷ ብዬ ነው። «እርዳኝ፣ ብቻዬን አልችልም» ብትለኝ ለይሳኮር አስጽፌ እቆይ ነበር። እውነቱን አውቄ እቆይ ነበር። እሱም አውቆ ይጠብቀኝ ነበር። አንተ እሱን በሚስቱ የተናቀ ሰው አድርገኸው ሦስት ዓመት አስቀመጥከው። እኔንም ባሏ የረሳት ሴት አደረግኸኝ። ከመጣሁ በኋላ አብረን የኖርነው አምስት ዓመት ነው። አንተ የወሰድከው ሦስት ነው።

ማዘን አልችልም፤ ሞክሬዋለሁ። መገበያየት ግን እችላለሁ።

ደብዳቤዎቹ ተቃጥለዋል ካልክ ከትዝታህ አውጥተህ ጻፋቸው። ትምህርት ሁሉ በቃል ይያዝ እያልክ ሃያ ስምንት ዓመት ሕፃናት ያስለቀስክ ሰው ነህ። እነሱንም በቃልህ ይዘሃቸው ይሆናል። አሥራ አንዱንም፣ ይሳኮር ያለውን ብቻ። ያንተን ቃል ብትጨምርበት አውቀዋለሁ፤ የሰውዬዬን አነጋገር አውቃለሁ። የጨመርክበት ወደ ምድጃ ይገባል፣ አይቆጠርልህም።

ምስክርነቱን አሥራ አንደኛው ሲደርሰኝ እናየዋለን።

ደብዳቤውን አጥሬ ላይ ካለው ግንድ ላይ በድንጋይ ጭነህ ሂድ። ውሻው ታስሯል።

ኬዛያ


ከስምንተኛው ሽራፊ፣ ሜይ 12 ቀን 1898

ለኬዛያ፤

ሰባት ቀን ሙሉ አሰብኩ። ብዙው ተደበላልቆብኛል። ይህ ግን እንዳለ አለ። ዘጠነኛው ይመስለኛል። የሰፈሩ ሰባኪ ነበር የሚጽፍለት። እንዲህ ይላል፦

«ኬዛያ፣ ምንጭ አገኘሁ። ውኃው ጥርስ ያስነክሳል። መሬቱ ሙሉ ካሬ አይደለም፣ ወንዙ ነክሶታል፣ እኛም ሙሉ አይደለንምና እንስማማለን። ቤቱን ጨርሻለሁ። እዚህ ሰው ሁሉ ነፋሱን ፈርቶ በሩን ወደ ደቡብ ያደርጋል። እኔ ወደ ምሥራቅ አደረግሁት። ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለሽ ባቄላ ስትፈለፍዪ የጠዋት ፀሐይ ፊትሽን እንድታገኘው ብዬ ነው። ይስቁብኛል። ይሳቁ። ነይ።»

እኔ ያነበብኩልሽ «ውኃ የለም፣ መጠለያም የለም፣ ባለሽበት ቆዪ» ብዬ ነው። እየሰማሽ አንገትሽን ደፍተሽ «እሺ» አልሽ። ይህንንም አልረሳሁትም።

ሌሎቹን እየሞከርኩ ነው። ወንዙ ከሦስቱ ምሰሶዎች ሥር ገብቷል።

ሎሬንዞ


ሽራፊ ቁጥር አምስት፣ ሜይ 13 ቀን 1898

ሎሬንዞ፤

ደብዳቤው ደረሰ። ቆሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ደግሜ አነበብኩት።

አምስት የብርድ ወራት ነፋሱ በዚያ በር እየገባ አጥንቴን ሲበላኝ ይሳኮርን ስረግመው ኖሬአለሁ። «ምን ዓይነት ሰው ነው በር እንዲህ የሚያዞር? ጎረቤቱን እንኳ አታይም?» እለው ነበር። ዝም ብሎ ይስቃል። አንድ ጊዜ የተናገረውን ሁለተኛ የሚናገር ሰው አልነበረም። በእሱ ቤት በደብዳቤው አንዴ ነግሮኛል።

ቃሉ የእሱ ነው። አንድ ቆጥሬልሃለሁ።

ስለ አንድ ደብዳቤ አንድ ምሰሶ ወደ ዳርቻዬ አሻግር። ከዛፉ በዚህኛው ወገን ውኃ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ በድንጋይ ምልክት አድርጌበታለሁ። ወንዙ ከትናንት ወዲህ አንድ ክንድ ጨምሯል። በአንድ ምሰሶ ቤት አይቆምም።

ጻፍ።

ኬዛያ